«ቻሉት» ከመባሉ በፊት፦ ስለ ሥራ ቦታ ጽናትና ስለ አንድ ፕሮፌሰር የጥናት ሕይወት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል፤ ጉዳዩም ሰው በሥራው ላይ ሳይሰበር የሚቆየው በምን ኃይል እንደሆነ ነው። ስለዚህ የዓምዱን ቦታ በሙሉ ለእነዚህ አራት ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ካገኘሁ በኋላ በአንድ ባንክ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ባልደረቦቼ ከአንዱ የአሠራር ለውጥ ሳያገግሙ ሌላው ሲደርስባቸው፣ አንዳንዱ ሲታመም፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሲበረታ አያለሁ። የድርጅት ሥነ ልቦና ተምሬ ይህንኑ የሚያጠና መምህርና ተመራማሪ ለመሆን እመኛለሁ። እንዲህ ያለ ፕሮፌሰር ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው ምንድን ነው? አሁን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነውና ዘግይቼ ይሆን? ከሀዋሳ

መልስ፦ የሙያውን ዝርዝር ከማቀርብልዎ የአንድ ሰው የጥናት ሕይወት ብተርክልዎ ይሻላል። የዚህ ሙያ ዋና ነገር አንድ ጥያቄ በአንድ ሰው እጅ ለብዙ ዓመታት እንዴት እንደሚያድግ ነውና፣ ይህን ደግሞ ዝርዝር አያሳይም። የመረጥሁት ሰው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ካርል ዋይክ ናቸው።

ዋይክ በ1936 በኢንዲያና ግዛት ዋርሶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ዊተንበርግ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1958 አግኝተው፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1962 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ ያጠኑት፣ ሰው ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ እንደማያገኝ እያወቀ በአንድ ሥራ ለመቀጠል ሲስማማ ስለዚያ ሥራ ያለው አስተሳሰብ እንዴት እንደሚለወጥ ነበር። እርስዎ በባንክዎ በየቀኑ የሚያዩት ጉዳይ አይደለም? ከዚያ በኋላ በፐርዱ፣ በሚኒሶታ፣ በኮርኔልና በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው፣ በ1988 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በሚሺጋን የያዙት የፕሮፌሰርነት ወንበር በሬንሲስ ላይከርት ስም የተሰየመ ነው፤ ላይከርት፣ በመመረቂያ ጽሑፍዎ መጠይቅ ላይ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ብለው የደረደሩትን መለኪያ ለዓለም የሰጡት ሰው ናቸው።

በ1969 ዋይክ ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ስማቸውን አስጠራ። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በአማርኛ ሰዋስው ቋንቋ ሲነገር እንዲያውም ግልጽ ይሆናል፤ «ድርጅት» ከሚለው ስም ይልቅ «ማደራጀት» የሚለውን ግስ እንመልከት ይላል። ድርጅት እንደ ሕንፃ ቆሞ የሚጠብቀን ዕቃ ሳይሆን ሰዎች በየዕለቱ በንግግራቸውና በሥራቸው እንደገና የሚሠሩት ነገር ነው ማለት ነው፤ በየዕለቱ የሚሠራ ከሆነም በአንድ ቀን ሊፈርስ ይችላል። ከ1977 እስከ 1985 ደግሞ በዘርፉ ከሚከበሩት የምርምር መጽሔቶች የአንዱ ዋና አዘጋጅ ሆነው የሌሎችን ጽሑፍ ሲያነቡ፣ ሲያርሙና ሲመልሱ ቆዩ። ይህ ከውጭ የማይታይ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የፕሮፌሰር ሕይወት ትልቁ ክፍል እንዲህ ባለው ድካም የተሞላ መሆኑን አስቀድመው ቢያውቁ መልካም ነው።

ስለ ጽናት የጻፉት ታላቁ ሥራቸው ግን ከዶክትሬታቸው 31 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦገስት 5 ቀን 1949፣ በሞንታና ግዛት ከሚዙሪ ወንዝ አጠገብ ባለው ማን ገልች በተባለ ሸለቆ፣ መብረቅ ያስነሣውን የደን ቃጠሎ ለማጥፋት 15 እሳት አጥፊዎች ከአውሮፕላን በፓራሹት ወረዱ፤ ምድር ላይ ከቆያቸው አንድ የደን ጠባቂ ጋር 16 ሆኑ። የመገናኛ ሬዲዮናቸው ፓራሹቱ ሳይከፈት ወድቆ ተሰባበረ። ቢሆንም እሳቱ እስከ ማግስቱ ጧት አራት ሰዓት የሚጠፋ ተራ ቃጠሎ መስሏቸው ነበርና አልተጨነቁም። ብዙም ሳይቆይ እሳቱ ሸለቆውን ተሻግሮ ከፊታቸው ተነሣ። ፎርማኑ ዋግነር ዶጅ ቡድኑን ወደ ዳገቱ መለሰ፤ ቀጥሎም «መሣሪያችሁን ጣሉ» ብሎ አዘዘ፤ እሳቱ ሊደርስባቸው ሲል ደግሞ ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር አቃጠለና በአመዱ ላይ እንዲተኙ ጠራቸው። ምን እያደረገ እንደሆነ የገባው አልነበረም። ጥለውት ሮጡ። 13ቱ ሞቱ። ዶጅ በአመዱ ላይ ተኝቶ ተረፈ፤ ሳሊና ራምዚ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ደግሞ ሳይለያዩ ሮጠው በገደሉ አናት ላይ ባገኙት ስንጥቅ በኩል አመለጡ።

ጸሐፊው ኖርማን ማክሊን ስለዚህ አደጋ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1992 ሲታተም ዋይክ ያንን መሠረት አድርገው በቀጣዩ ዓመት አንድ የምርምር ጽሑፍ አወጡ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፤ ድርጅት የሚተረተረው ለምንድን ነው? እንዴትስ አድርጎ የማይበገር ማድረግ ይቻላል? በእርሳቸው ትንታኔ እነዚያን ወጣቶች የገደላቸው የፍርሃትና የድክመት ጉዳይ አይደለም። እሳት አጥፊ መጥረቢያውንና አካፋውን ከጣለ ማን ሆኖ ይቀራል? አለቃ እሳት በማጥፋት ፈንታ እሳት ሲለኩስ የሚታየው ነገር ትርጉሙ ምንድን ነው? የሥራ ድርሻቸው ሲፈርስ ነገሩን የሚረዱበት መንገድ አብሮ ፈረሰ፤ እያንዳንዱም ብቻውን ቀረ። ከዚህ ተነሥተው ዋይክ አራት የጽናት ምንጮችን አወጡ፤ ይኸውም በእጅ ባለው ነገር አዲስ መላ መፍጠር፣ ቡድኑ ቢበተን እንኳ የሌሎቹን የሥራ ድርሻ በአእምሮ ይዞ መገኘት፣ የሚያውቁትን ነገር እንኳ ሙሉ ነው ብሎ አለመታበይ፣ በመጨረሻም በመከባበር ላይ የቆመ ንግግር ናቸው። ከአራቱ መካከል «ጠንካራ ሁን» የሚል የለም። አብረው የሮጡት ሁለቱ ወጣቶች መትረፋቸውንም ዋይክ እንደ ዋዛ አላለፉትም፤ ሁለት ሰው ሳይለያይ ከቆየ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ገና ድርጅት አለ።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ሳነብ የወሰድሁት ትምህርት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ጽናት በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ሀብት ሳይሆን በሰዎች መካከል የሚመላለስ ነገር ነው። ዋይክ በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከካርሊን ሮበርትስ ጋር ስለ አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከቦች ሲጽፉ፣ ኋላም ከካትሊን ሰትክሊፍ ጋር በ2001 ስለ ያልተጠበቀ ነገር አያያዝ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በመርከቡ ወለል ላይ፣ ገና በሃያዎቹ መግቢያ ያሉ ልጆች ጄት በሚያስነሡበትና በሚያሳርፉበት ጠባብ ቦታ፣ ሥራውን በሙሉ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ሥራው የሚታወቀው እርስ በርስ በጥንቃቄ በመተያየት ነው።

ወደ ራስዎ ጉዳይ ልመለስ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ማስተርስ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚወስድ ዶክትሬት፣ ከዚያ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ፕሮፌሰርነት ነው። በየደረጃው የሚመዘኑት በማስተማርና ይልቁንም ባሳተሙት ጥናት ነው፤ የላኩት ጽሑፍም ማንነታቸውን በማያውቋቸው ገምጋሚዎች ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ስታቲስቲክስን አይሽሹ። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ለዚህ ሙያ አልረፈደም፤ ዋይክ ስለ ማን ገልች ሲጽፉ ሃምሳ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር። በባንክ ያሳለፉት ስምንት ዓመትም የባከነ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዙና፣ የአሠራር ለውጥ በመጣ ቁጥር ማን ለማን ምን እንዳለ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ማንን እንደረዳ፣ የሰዎቹን ስም ሳይጽፉ ይመዝግቡ። የምርምር ጥያቄዎ ከዚያ ይወጣል እንጂ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ብቻ አይወጣም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ባለፈው ዓመት በክፍላችን የነርሶች ቁጥር ሲቀንስ የሕመምተኛው ቁጥር አልቀነሰም። አስተዳደሩ «የጽናት ሥልጠና» ብሎ አተነፋፈስንና ረጋ ብሎ ማሰብን አስተማረን። ሥልጠናው ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ስለ ሰው ማነስ ስናገር ኃላፊዬ «ጽናት ይጎድልሻል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። በእርግጥ ችግሩ እኔ ነኝ? ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ቃል ከኃላፊ አፍ መስማት እንደሚያም አውቃለሁ። ኃላፊዎ የተናገሩት ነገር ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ ከእውነተኛ ጥናት የተቆረሰ ነው፤ ግማሹ ግን ተትቷል።

በ1975 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሳልቫቶሬ ማዲ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ኢሊኖይ ቤል በተባለው የስልክ ኩባንያ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑ ኃላፊዎችን በየዓመቱ መከታተል ጀመሩ። በ1981 የስልክ አገልግሎቱ ሥርዓት ሲናወጥ ኩባንያው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ26,000 ሠራተኞቹ ወደ 14,000 ገደማ ወረደ። ተመራማሪዎቹ በቦታው ነበሩና ክትትሉን ቀጠሉ። ከሚከታተሏቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛው በሥራቸውም በጤናቸውም ተጎዱ፤ የልብ ሕመም፣ የመንፈስ ጭንቀትና ፍቺ ታየ። አንድ ሦስተኛው ግን በዚያው ሁከት ውስጥ እያሉ ጤናቸውን ጠበቁ፤ እንዲያውም በረቱ። ማዲና የቀድሞ ተማሪያቸው ሱዛን ኮባሳ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሦስት ዝንባሌ አገኙ፤ ከሥራና ከሰው አለመራቅ፣ በሁኔታው ላይ ጥቂትም ቢሆን ተጽዕኖ አለኝ ማለት፣ ለውጥን እንደ መማሪያ መቁጠር ናቸው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ሥልጠና ብዙው ከዚህ ዓይነት ጥናት የተቀዳ ነው፤ ዝንባሌዎቹን መማር እንደሚቻልም ማዲ ራሳቸው ያምኑ ነበር። እኔም ጥናቱን አከብረዋለሁ።

የተተወው ግማሽ የቱ ነው? እነዚያ የበረቱት ሰዎች ለሌሎች ድጋፍ የሚሰጡና ከሌሎችም ድጋፍ የሚቀበሉ ነበሩ። በተጨማሪም ኃላፊዎች ነበሩ፤ ማለትም ሥራቸውን በመጠኑ የማዘዝ ሥልጣን ነበራቸው። በሕመምተኛ አልጋ መካከል ስትሮጥ ለምትውል ነርስ «ተጽዕኖ አለኝ ብለሽ እመኚ» ማለት፣ ተጽዕኖውን ሳይሰጡ እምነቱን ብቻ መጠየቅ ነው። በበርክሊ የሥራ መዛልን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ክርስቲና ማስላክ ሰውን በሥራ ላይ የሚያደክሙትን ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ የሥራ ጫናን፣ በራስ ሥራ ላይ መወሰን አለመቻልን፣ የምስጋናና የክፍያ ማነስን፣ የባልደረባ አለመኖርን፣ የፍትሕ መጓደልንና የሕሊና ግጭትን ያነሣሉ፤ ሁሉም በሠራተኛውና በሥራው መካከል ያሉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 የሥራ መዛልን ሲያብራራ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አለው እንጂ በበሽታነት አልመደበውም። ስለዚህ ለጥያቄዎ በቀጥታ ልመልስ፤ ችግሩ እርስዎ አይደሉም።

ዋይክና ሰትክሊፍ ስለ ሆስፒታልም ጽፈዋል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ለዓመታት ከሚጠበቀው በታች ውጤት ሲያሳይ፣ ባለሙያዎቹ ውጤቱን የሚያስረዳ ምክንያት እየሰጡ እንዴት እንደቀጠሉበት በ2003 መርምረዋል። ሰው ደጋግሞ የሰጠው ምክንያት ራሱን ያስረዋል፤ ያ ሆስፒታል «ሕመምተኞቻችን የከበዱ ስለሆኑ ነው» በሚል ማብራሪያ ውስጥ ተዘግቶ ቀረ። «ጽናት ይጎድልሻል» የሚለው መልስም እንደዚያው ያለ ማብራሪያ ነው ብዬ እሠጋለሁ፤ እውነተኛውን መረጃ ከበር ይመልሳል።

ከዚህ በኋላ ሲናገሩ ስለ ድካምዎ ሳይሆን ስለ ሕመምተኛው ቢናገሩ ይመረጣል። በዚህ ፈረቃ የትኛው መድኃኒት ዘገየ፣ የትኛው የጥሪ ደወል ስንት ደቂቃ ሳይመለስ ቆየ፣ ሊወድቅ የነበረ ሕመምተኛ ማን ደረሰለት፤ እነዚህን ሆስፒታሉ ባዘጋጀው የሪፖርት ቅጽ በቀንና በሰዓት ይመዝግቡ፤ ሲያቀርቡም ብቻዎን ሳይሆን ከአንዲት ባልደረባዎ ጋር ሆነው ያቅርቡ። ሁለት ሰው ያየውን ነገር የአንድ ሰው ድክመት ማድረግ ያስቸግራል። እንቅልፍ ማጣቱና ማልቀሱ ለሳምንታት ከቀጠለ ግን ሐኪም ያማክሩ፤ ይህን በሙያዎ ለሌሎች እንደሚመክሩት ለራስዎም ይምከሩ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህር ነኝ። ፈረንጆች «ሪዚሊየንስ» የሚሉት ነገር በአማርኛ አንዱ «ጽናት»፣ አንዱ «የመቋቋም አቅም»፣ ሌላው «አይበገሬነት» ይለዋል። የትኛው ይሻላል? ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሦስቱም የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። «አይበገሬነት» ፈጽሞ የማይነካ ያስመስላል፤ ጥናቱ ግን የሚናገረው ተነክቶ ስለሚመለስ ሰውና ተነክቶ ስለሚመለስ ድርጅት ነው። «የመቋቋም አቅም» በሪፖርት ውስጥ ያገለግላል፤ ነገር ግን ቆሞ መመከትን እንጂ መልክ ለውጦ መትረፍን አያሳይም፤ የማን ገልቹ ፎርማን ዶጅ እኮ እሳቱን አልተቋቋመውም፤ በእሳት ከእሳት አመለጠ። እኔ «ጽናት»ን የምመርጠው ለሰውም ለቡድንም ስለሚነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን እንድናስተውለው የምሻው ቃል «ቻለ» ነው። በቋንቋችን «መቻል» ሁለት ፍቺ አለው፤ አንድን ነገር ለመሥራት አቅም ማግኘትና መከራን ችሎ ማደር። «ቻይ ሰው ነው» ብለን ስናመሰግን ሁለተኛውን ማለታችን ነው። አለቃ ሠራተኛውን «ቻሉት» ሲል የሚጠይቀው ሁለተኛውን መቻል ነው፤ የመጀመሪያውን መቻል፣ ማለትም የሰው ኃይሉን፣ ጊዜውንና የመወሰን ነጻነቱን፣ ሳይሰጥ። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገራችንም ከዚሁ ጎን የሚቆም ነው። በኀዘንና በቤተሰብ ምሥጢር ጊዜ ክብር ያለው አነጋገር ነው፤ በፋብሪካ፣ በሆስፒታልና በግንባታ ቦታ ግን ሰው ያየውን አደጋ ሆዱ እንዲፈጀው ሲተወው የሚፈጀው ሆድን ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በሕንፃ ግንባታ ላይ ፎርማን ነኝ፤ ከአርባ የማያንሱ ሠራተኞች በሥሬ አሉ፤ ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ዛሬ የመጣው ነገ ላይመጣ ይችላል። ባለፈው ወር አንድ መወጣጫ ተንሸራቶ ሰው ሳይጎዳ ቀረ። በኋላ ሳጣራ ሦስት ልጆች ከጧት ጀምሮ እንደላላ ያውቁ ነበር፤ አንዱም አልነገረኝም። ለሥልጠና የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ምን ላድርግ? ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ምክንያቱም የጠየቁት ነገር ዋይክ በ1990 የጻፉበት ጉዳይ ራሱ ነው።

ማርች 27 ቀን 1977፣ በስፔይን ግዛት በተነሪፍ ደሴት፣ ሎስ ሮዴዮስ በተባለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጉም በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀመረ፤ የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አውሮፕላን ገና ከመንደርደሪያው አልወጣም ነበር። በካፒቴኑ ጀርባ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ያ አውሮፕላን አልወጣም ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ በርግጠኝነት ወጥቷል ብሎ መለሰ፤ ጥያቄውም በዚያው ቀረ። ካፒቴኑ ሌሎችን የሚያሠለጥን፣ በኩባንያው እጅግ የተከበረ አብራሪ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንደምንለው ነው። ዋይክ እንደሚያስረዱት፣ ጭንቀት ሲበዛ ሰው አዲስ የተማረውን ትቶ ወደ ቀደመ ልማዱ ይመለሳል፤ ንግግርም ከላይ ወደ ታች ብቻ ይፈስሳል፤ ለመትረፍ የሚያስፈልገው ቃል ግን ከታች ሆኖ ይጠብቃል። ከዚያ አደጋና እርሱን ከመሰሉት በኋላ የአየር መንገድ ሠራተኞች በመላው ዓለም ረዳቱ ካፒቴኑን እንዲጠይቅ፣ ካፒቴኑም ጥያቄን እንዲቀበል የሚያደርግ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደርጓል።

የእርስዎ ሦስት ልጆች ያልተናገሩት ግድ የለሾች ስለሆኑ አይመስለኝም። የቀን ሠራተኛ «መወጣጫው ላልቷል» ቢል ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ የቀን ክፍያው ይቀራል፤ ነገ ደግሞ ላይጠራ ይችላል። ይህን ሒሳብ በጧት በአንድ አፍታ ያሰላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ሒሳቡ ነው። ካርል ቪንሰን በተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። አንድ ተራ መርከበኛ መሣሪያ እንደጠፋበት አስታወቀ፤ የወደቀች ቁራጭ ብረት የጄት ሞተር ልታጠፋ ትችላለችና በአየር ላይ የነበሩት አውሮፕላኖች ወደ የብስ ማረፊያ ተላኩ፤ ወለሉም ተፈተሸ፤ መሣሪያው ተገኘ። በማግስቱ ያ መርከበኛ ስሕተቱን በመናገሩ በሁሉም ፊት ተመሰገነ። በዋይክና በሰትክሊፍ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ታሪኮች ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። እርስዎም የላላ ነገር ያሳየ ሰው በዚያ ቀን ክፍያው እንደማይነካበት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይናገሩ፤ የመጀመሪያው ሰው ሲናገር ደግሞ በስሙ ጠርተው ያመስግኑት፤ ከተቆጡት ግን ሁለተኛ ሰው አይመጣም።

ቀጥሎ ያለው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ዋይክ ከውሳኔ አሰጣጥ ተመራማሪው ከጋሪ ክላይን ሥራ ወስደው በእሳት አጥፊዎች ዘንድ ያስፋፉት አምስት ክፍል ያለው የማለዳ ንግግር አለ። በእርስዎ ቦታ እንዲህ ይሆናል። «ዛሬ የገጠመን ይህ ነው፤ ሌሊት ዘንቧል፤ መሬቱ ርሷል።» «ልንሠራ የሚገባን ይመስለኛል የምለው የሦስተኛውን ፎቅ ቅርጽ ሥራ ነው።» «ምክንያቱም ኮንክሪት ነገ ይደርሳል።» «በዓይናችን ልንከታተል የሚገባን የመወጣጫው እግር የቆመበትን መሬት ነው።» አምስተኛው «አሁን እናንተ ንገሩኝ» የሚል ነው፤ ያልገባችሁ፣ ልትሠሩት የማትችሉት፣ እኔ ያላየሁትና እናንተ ያያችሁት ምንድን ነው?

ዛሬ መጥቶ ነገ የማይመጣ ሠራተኛ በመኖሩ ይህ ንግግር ከንቱ እንዳይመስልዎት፤ በጦር መርከቡም ሰው ሁልጊዜ ይለዋወጣል። እንዲያውም ለአዲስ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደሚሠራ በአእምሮው ይዞ ወደ ላይ እንዲወጣ ያደርገዋልና። ቢቻል አዲስ የመጣውን ሁሉ ከነባር ሰው ጋር ጥንድ ያድርጉት፤ ቀኑን ሙሉ እንዳይለያዩም ይንገሯቸው።

በመጀመሪያዎቹ ጧቶች አምስተኛውን ጥያቄ ሲጠይቁ ማንም ላይመልስልዎት ይችላል። ዝምታውን ራስዎ በሌላ ትእዛዝ አይሙሉት። መዶሻዎን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ፊትዎን ወደ እነርሱ አድርገው፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያም ከሦስቱ ልጆች ወደ አንዱ ቀርበው «መወጣጫውን አንተ እስኪ አሳየኝ» ይበሉት፤ እርሱ ቀድሞ እየመራ፣ እርስዎ ከኋላው ይሂዱ።